ዓርብ ጡት የጾመችው ሕፃን

በእኛ ከተማ ሰው ዝም ብሎ አይወለድም። ሌላ አገር ሕፃን ሲወለድ ወንድ ነው ሴት፣ ማንን ይመስላል፣ እናቲቱስ እንዴት ናት ተብሎ ይጠየቅና ነገሩ ያልቃል። ላሊበላ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። አፍ አውጥቶ የሚጠይቀው ባይኖርም በእያንዳንዱ እንግዳ ዐይን ውስጥ ይነበባል፦ ምልክት አለው ወይ? ምን ይደረግ። ለከተማዋ ስሙን የሰጣት ሰው ገና ከማኅፀን እንደ ወጣ ንብ ከቦታል፤ እናቱም ንቦቹን አይታ ነው የልጇን ትልቅነት ያወቀችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ አገር እናት ልጇን በታቀፈች ቁጥር በአንድ ዐይኗ ልጁን፣ በሌላው ዐይኗ ንቡን ታያለች። ንብ ከጠፋ ዝንብም ቢሆን አይናቅም።

እኔ ስወለድ ምን ምልክት እንደ ታየብኝ እናቴን አንድ ቀን ጠየቅኋት። «አፍሽ ቀድሞ ወጣ» አለችኝ። ከምልክት ሁሉ የደረሰኝ እሱ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራሁበት ነው።

ፈገግ የምትሉ ከሆነ አሁኑኑ ፈገግ በሉ፤ ወደ ታች ስንወርድ ብዙ አታገኙም። የማወጋችሁ ስለ ፍርሃት ነው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። ጅብ ፈርቻለሁ፣ መብረቅ ፈርቻለሁ፣ ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር ገብቼ እዚያም ሆኜ ፈርቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ድምፅ አላቸው፤ ሲመጡም ሲሄዱም ይታወቃሉ። ድምፅ የሌለው ፍርሃት ምን እንደሚመስል ያስተማረችኝ ገና ስም ያልወጣላት፣ በሁለት መዳፍ የምትታቀፍ አንዲት ፍጡር ናት።

እመቤት የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ቀድማን ስለ ሄደች እናትም አክስትም እኔው ነኝ። የእመቤት ባል ሲሳይ አስጎብኚ ነው፤ እነዚያን ንቦች ለፈረንጅ በእንግሊዝኛ የሚያበረው እሱ ነው። ቱሪስት ሲበዛ ንቦቹ ይበዛሉ፣ ቱሪስት ሲጠፋ ይሳሳሉ፤ አንዲት ንብ እንኳ ያልበረረችባቸው ዓመታትም ነበሩ። ጥሩ ልጅ ነው፤ አይሰክር፣ አይማታ። ጉድለቱ እናቱን መፍራቱ ነው። እናቱ እማማ በላይነሽ የገነተ ማርያም ሰው ናቸው። የልጅ ልጅ ተወለደችልዎ ሲባሉ የገንፎ ዱቄታቸውን በአህያ ጭነው፣ ቅቤያቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው መጡና አራስ ቤቱን ተረከቡ። አመጣጣቸው እንደ ሹመት ነበር። እሳቸው በገቡ ማግስት በዚያ ቤት ድስት እንኳ ሳያስፈቅድ አይፈላም።

ክፉ ሰው ናቸው ብላችሁ እንዳታስቡብኝ። እማማ በላይነሽ ካሳደጓቸው ልጆች የቀበሯቸው ይበዛሉ። ብዙ ልጅ የቀበረ ሰው አዲስ በተወለደው ላይ ምልክት ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ለሆነ ነገር የተመረጠ ልጅ ዝም ብሎ አይወሰድብኝም ብሎ ልቡን ያባብላል። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። በዚያ ሰሞን የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ ቤት ለሁለት ምላሰኛ እንደሚጠብብ ብቻ ነው።

ልጅቱ ስትወለድ ደህና ነበረች። ጮኸች፣ ጠባች፣ ተኛች። ከዚያ ጠያቂው መጣ። መቼም በአገራችን አራስ ቤት ባዶ እጁን የሚገባ የለም፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ አብሽ፣ አንዷ ምርቃት ይዛ ትገባለች። ከንፈሯን ግን ሁሏም ይዛ ትገባለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ እናቲቱ ከተሳመች በኋላ ሕፃኗ ከመጋረጃው ሥር ትወጣና ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ጉንፋን የያዛት ትስማለች። ከገበያ አህያዋን ስትጎትት የመጣችው ትስማለች። አሮጊቶቹ ደግሞ ሲመርቁ «እደጊ» ብለው ምራቅ ያክሉበታል፤ ደረቅ ምርቃት አይያዝም ይባላል። እኔ ተናገርኩ። ሕፃን የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደለችም፣ ያለፈ ያገደመው የሚሳለማት ምን ሆና ነው አልኩ። እማማ በላይነሽ ለጠያቂዎቹ «ተዋት፣ መጽሐፍ ስታነብ ነው የዋለችው» አሏቸው። በሽታዬን እንደ መንገር ነው።

እውነት ነው አነባለሁ። የምተዳደረው ለምእመናን ጧፍና ነጠላ በመሸጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ወንድሜ ሲያጠና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስለሆነ መጀመሪያ ያወቅሁት ሀሁ ተገልብጦ ነው። ዛሬም መጽሐፍ ገልብጣችሁ ብትሰጡኝ አልሳሳትም። ጋዜጣ አነባለሁ፣ የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነባለሁ። እና አንዱ ግድግዳ ላይ፣ ጡት መጥባት የተወ ጨቅላ፣ የፈዘዘ፣ ሰውነቱ ያተኮሰ ወይም የቀዘቀዘ ጨቅላ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ የሚል አንብቤ ነበር። አንብቤ አለፍኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያነቡት የሌላ ሰው ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሱቄን ዘግቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከደጅ ጀምሮ ነገሩ ደስ አላለኝም። ሌላ ቀን ከሩቅ የሚሰማው የሴቶች ጫጫታ የለም። እማማ በላይነሽ በር ላይ ቆመው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሉኝ። ፊታቸው ግን የሐዘን አልነበረም፤ ያበራል።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ዓርብ።»

«ከንጋት ጀምሮ ጡት እምቢ ብላለች» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። «ረቡዕም እንዲሁ ለገም ብላ ነበር። ልብ ሳንለው ነው እንጂ።»

እናንተ ከሌላ አገር ከሆናችሁ ይህ ላይገባችሁ ይችላል። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የቅዱሳኑ ገድል ሲነበብ የሰማን ነን። ገና በታቀፉበት ረቡዕና ዓርብ የእናታቸውን ጡት እምቢ ያሉ ጻድቃን እንዳሉ እናውቃለን። ሌላው ዓለም ጡት የተወ ሕፃን ሲያይ ይደነግጣል፤ እኛ መጀመሪያ ቀኑን እንጠይቃለን። ጎረቤቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው በጸጥታ ተደርድረዋል፤ ተራ በተራ ጠጋ እያሉ የሕፃኗን ግንባር ይስማሉ። የዛሬው መሳም እንደ ሰሞኑ አይደለም፤ በረከት ፈላጊ ነው። ሲሳይ ጥግ ላይ ቆሞ እንደሚኮራ ወይም እንደሚፈራ ገና ያልቆረጠ ሰው ይመስላል።

ገብቼ አየኋት። ፊቷ አመድማ ሆኗል። ትንፋሿ እንደ ጫጩት ፈጠን ፈጠን ይልና ደግሞ የረሳ ሰው ይመስል ቆም ይላል። እጄን ከጨርቁ ሥር አስገብቼ እግሯን ያዝኩ። በጥዋት ጫማችሁን አውልቃችሁ የድንጋዩን ቤተ መቅደስ ወለል ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበር። ቅዝቃዜው ከእጄ ተነሥቶ ሆዴ ውስጥ ገባ፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ የወጣ አይመስለኝም።

እመቤት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታለቅሳለች። ማልቀሷ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ጥጉ አዙራለች፤ የጻድቅ እናት አታለቅስምና ከልክለዋታል። ጡቷ ሞልቶ ደንጊያ ሆኗል፤ ቀሚሷ ረጥቧል። ጠጋ ስላት እጄን ያዘችና በጆሮዬ «እትዬ፣ ልጄ ቅድስት ባትሆንብኝስ?» አለችኝ።

ከዚያ አፌ ሥራውን ጀመረ። ይቺ ልጅ ታማለች፣ አሁኑኑ ሐኪም ይያት አልኩ። እማማ በላይነሽ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ዝግ ብለው ነገሩኝ። የታመመ ልጅ ያተኩሳል፤ ይቺ አታተኩስም። የታመመ ልጅ ያለቅሳል፤ ይቺ እንደ መነኩሲት ዝም ብላለች። ደግሞስ ክርስትና ያልተነሣች ልጅና ከቤት ያልወጣች አራስ በዚህ ፀሐይ፣ በዚህ ሁሉ ዐይን መሃል ወዴት ይወሰዳሉ? ነገ ቅዳሜ ነው። ነገ ትጠባለች። «ያኔ አንቺ ታፍሪያለሽ፣ እኔም ይቅር እልሻለሁ» አሉኝ።

ከተደረደሩት አንዷ፣ ያልወለደች ስለ ጡት ምን ታውቃለች ስትል ሰማኋት። ድስቱን ባልጥደውም ሲያር ይሸተኛል አልኳት። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ምንም አልጠቀመኝም። በክርክር ብረታ ምን ይረባኛል፤ የዚያች ልጅ እግር በዚያ አይሞቅ።

ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ይወዳታል፤ ሁሉም በደስታ ቅዳሜን እየጠበቀ ነው። ጠላት ቢሆኑ እጮህባቸው ነበር። እንደዚህ የምትወደድ ልጅ በሰው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየተሳመች ስትሞት ማን ያስጥላታል?

በዚያ ቤት ከእማማ በላይነሽ በላይ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ ክንፈ። ሲሳይን ወደ ደጅ ጎተትኩና አሁን ሮጠህ አምጣቸው አልኩት። እናቱ ያዘዙት ስለመሰለው ሮጠ። እሱ እስኪመለስ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፤ መምሬም «ምልክት ነው» ቢሉስ? ያኔ የምሄድበት የለኝም። ቄስ ጠርቼ ቄስ ልክድ ነው።

መምሬ ከቅዳሴ ገና መውጣታቸው ነበር፤ እህል አልቀመሱም። ሁሉም ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ። እማማ በላይነሽ መምሬ እግር ሥር ቁጭ ብለው ነገሩን ከረቡዕ ጀምረው ነገሯቸው፤ ሲነግሯቸው የረቡዕ ልግመቷ ከቅድሙ ይልቅ በርትቶ ነበር። መምሬ ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ ሕፃኗን ብዙ ጊዜ አዩ።

«የዚህ ቤት የንስሐ አባት ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት አባታችን።»

«ታዲያ እኔ ሳልሰማ ማን አስጾማት?»

የሳቀ የለም። መምሬ መስቀላቸውን አንሥተው ልጅቱ ላይ አማተቡ። ከሰባት ዓመት በታች ጾም የለም አሉ። ግድ ካለችም አባቷ ነኝና ይኸው ፈትቻታለሁ፤ ቅድስት ከሆነች ትታዘዛለች፤ አጥቧት አሉ።

እመቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጓ ወጣች። ልጅቱን ታቀፈች፤ ጡቷን ከአፏ አስነካቻት። ቤቱ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። እኔም አያለሁ፤ ከንቱ ሴት ሆኜ ልቅር፣ ልፈር፣ ብቻ ትጥባ እያልኩ። ጡቷ ሞልቶ ነበርና ወተቱ ሳይጎተት ራሱ ወረደ። አፏ ውስጥ ገባ፤ ሞላ፤ በጉንጯ በኩል ወጣና ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። አልዋጠችም። እመቤት ደግማ ሞከረች። አልዋጠችም። ከንፈሯ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

መምሬ ጎንበስ ብለው የእማማ በላይነሽን ትከሻ ያዙ። «በላይነሽ ልጄ» አሏቸው፣ «ይቺ እየጾመች አይደለም። እየሄደች ነው።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ በቅጡ አላስታውስም። መምሬ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡን። እማማ በላይነሽ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል፣ አራስ ያለ ብረት ከቤት አትወጣም ብለው ለእመቤት ቢላ አስጨበጧት። ባጃጅ ቆመ። እመቤት ልጅቱን ከቀሚሷ ውስጥ ደረቷ ላይ ለጥፋ ገባች፣ እኔ ከጎኗ፣ እማማ በላይነሽ ከጎኔ፤ ሲሳይ ከሾፌሩ ጋር ግማሽ ውጭ ግማሽ ውስጥ። መንገዱ ኮረብታ ነው፤ ባጃጁ ይጮኻል፣ ይንገጫገጫል። ጆሮዬን እመቤት ደረት ላይ ደቅኜ ትንፋሽ እፈልጋለሁ። የሞተሩ ጩኸት አላሰማ አለኝ። ሾፌሩን «ሞተሩን አጥፋልኝ» ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም ልጅ ነው። ጢሙ ለመብቀል እየተማከረ ያለ፣ ነጩ ጋውን የታላቅ ወንድሙ የሚመስል። እማማ በላይነሽ ቁልቁል አይተውት ወደ እኔ ዘወር አሉና «ይሄ ራሱ መች ደረሰ» አሉ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እጨምርበት ነበር። ልጁ ግን ሕፃኗን እንዳያት ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ከማናችንም ጋር ወግ አልነበረውም። ሙቀት ለካ፣ ነርሷን ጠራ፣ ኦክስጅን አስመጣ። እትብቷን ገልጦ አየና ምን እንደተቀባ ጠየቀ።

«ቅቤ» አሉ እማማ በላይነሽ። «የብልባላ ገበያ ቅቤ ነው። ንጹሕ ነው።»

ቅቤውን በጥጥ መጥረግ ያዘ። ቢሳደብ ይሻል ነበር። እማማ በላይነሽ የገዛ ጣቶቻቸውን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ደም ሊወስዱ መርፌ አመጡ። ያንን የሚያህል መርፌ ያንን የሚያህል እጅ ላይ ማየት ለጠላትም አይስጥ። የደም ሥሯ ጠፋባቸው። እዚህ ወጉ፣ እዚያ ወጉ፣ እግሯን ወጉ። ሕፃኗ ዝም። ጣቷን እንኳ አልሰበሰበችም። እማማ በላይነሽ ጠዋት በኩራት «እንደ መነኩሲት ዝም ብላለች» ያሉት ዝምታ ይኸው ነው። አሁን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «አልቅሽ፣ አልቅሽ እንጂ ልጄ» ይላሉ። አላለቀሰችም።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራን። በሽታው ደሟ ውስጥ ገብቷል አለ። ሰው ሁሉ ደሙ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉ ጠባቂዎች አሉት፤ ትልቅ ሰው ሲሆን ብዙ አሉት፣ በአጥንቱ መቅኒ ውስጥም የተጠራቀመ መጠባበቂያ አለው። አዲስ የተወለደ ልጅ ግን መጠባበቂያው ጥቂት ነው፤ ያሉትም ቢሆኑ ገና ሥራውን አልለመዱትም። በሽታው ሲበረታ የበሰሉት አለቁ። ስለዚህ መቅኒዋ ያልበሰሉትን እየላከ ነው። «ደሟ ውስጥ ያየናቸው አብዛኞቹ ገና ያልደረሱ ናቸው» አለ። «ጥሩ ምልክት አይደለም።»

ምልክት። ያንን ሁሉ ቀን ስንፈልገው የዋልነው ምልክት ደሟ ውስጥ ነበር።

ሲሳይ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ የዚህ ግን አማርኛውም አልገባውም። እማማ በላይነሽ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከጠዋቱ ጭቅጭቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ አፍ ነገር ሊረዱ ፈለጉ። እኔም በምናውቀው ነገር ነገርኳቸው። በክፉ ዓመት ጎተራው ሲራቆት ገበሬው ምን ያደርጋል? አልኳቸው። ገብሱ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ጮርቃውን ያጭዳል። ፍሬ አልቋጠረም፣ ቢፈጩት ዱቄት አይወጣውም፣ ግን ሌላ የለውም። የዚች ልጅ ሰውነት ጮርቃውን እያጨደ ነው።

እማማ በላይነሽ የገበሬ ልጅ፣ የገበሬ ሚስት ናቸው። ጮርቃ የሚታጨድበትን ዓመት በዐይናቸው ያዩ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ልነግራቸው አላስፈለገም። አግዳሚው ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። እኔም ሌላውን ምሳሌ ዋጥኩት። የበሰሉት ሲያልቁ ያልደረሱ ልጆች የሚላኩበት ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ላስታ ውስጥ ለእናት አያስረዷትም።

መድኃኒት ተጀመረላት። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ቀድሞ ከደረሰ ይይዘዋል፣ ካልሆነም ያው…» አለ፤ ያው ምን እንደሆነ አልጨረሰውም። ቅዳሜ መጣ። ያ ስንጠብቀው የዋልነው ቅዳሜ። አልጠባችም።

መምሬ ክንፈ በእጃቸው ውሃ ይዘው መጡ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ግን ነፍስ ስትጨነቅ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፣ እዚሁ ላጥምቃት አሉ። እማማ በላይነሽ እያለቀሱ ተነሡ፤ ሳትጠመቅ እንዳትሄድባቸው። ሲሳይ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን ያያል። እመቤት ከልጅቱ አልጋ አጠገብ ሆና ዞር አላለችም።

«እንደ ሰው ልጅ ሰማንያ ቀኗን ትጠብቃለች» አለች።

ከተዳረች ጀምሮ አማቷን አሻፈረኝ ስትል የሰማኋት ያን ቀን ነው። እማማ በላይነሽ ምን ይመልሱ ይሆን ብዬ ስሳቀቅ፣ መምሬ ውሃቸውን አስቀምጠው በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እንግዲያ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ከፈለግሽኝ በዐይንሽ ጥቀሺኝ አሏት። ተቀመጡም። እኔ በዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ የሰው ጫማ ሲንቋቋ ሁሉ እደነግጥ ነበር፤ ነርሷ ፈጠን ብላ ከተራመደች ሞተች እላለሁ፣ ቀስ ካለችም ሞታለች እላለሁ። እመቤት ወደ በሩ ዞር ባለች ቁጥር መምሬ ወደ ውሃው ያያሉ፣ እኔ መምሬን አያለሁ። አልጠቀሰቻቸውም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሥሯ ስላበጠ መርፌውን ወደ ሌላው እጇ ሊያዛውሩት ነቀሉት። ሲወጓት ጮኸች። ጩኸት ልበለው እንጂ የተረገጠች አይጥ ድምፅ ነው። ግን ጮኸች። እማማ በላይነሽ ሆስፒታል መሃል እልልታቸውን ለቀቁት። ከየክፍሉ ሰው ወጣ። ሕፃን በመርፌ ስትወጋ እልል የምትል አያት አይተው ስለማያውቁ አንዳንዶቹ አማተቡ። መምሬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ረቡዕ ቀን ጠባች። ስለ ጾሙ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሐኪሙም ደሟን እንደገና አይቶ ያልደረሱት እየቀነሱ፣ የበሰሉት እየመጡ ነው አለን። እማማ በላይነሽ «ጎተራው ይሙላልህ» ብለው መረቁት። ያን ጎረምሳ ጎንበስ አድርገው ግንባሩን ሳሙት፤ ጉንፋን እንደሌለባቸው ግን መጀመሪያ ጠየቃቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ በጥብቅ አስጠነቀቀን። ጠባቂዎቿ ገና ጀማሪዎች ናቸው፤ ሳትጠነክር ሰው አይሳማት፣ እጁን ያልታጠበ አይንካት፣ እትብቷ ላይ ምንም አይደረግ። ደግሞ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ጡት ከተወች፣ ከፈዘዘች፣ ስትነካ ካልነቃች አንድ ሰዓት እንዳትጠብቁ አለ። ስትነካ ካልነቃች የምትለዋን ቃል እኔና እማማ በላይነሽ እኩል ነው የዋጥናት።

በከተማው ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ዓርብ የጾመችው ልጅ ሞትን አሸንፋ ተመለሰች ይባላል፤ የእኛ ሰው ምልክቱን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ጠያቂው ከፊተኛው በረታ። እኔ በር ላይ ቆሜ ልከላከል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሥራው ግን ተይዞ ኖሯል። እማማ በላይነሽ ደፍ ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው፣ በጎናቸው ሳሙናና የውሃ ጀሪካን ይዘው ተሰይመዋል። የመጣውን ሁሉ «ከዚያው ሆናችሁ መርቁ» ይላሉ። እደጊ ስትል ምራቋን ልታክል የከጀለችውን አንዲት አሮጊት «ዋጪው» አሏት አሉ። ተቀይመው የሄዱ አሉ። እኔ እንዲህ ብል ከዕድር ያስወጡኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ከረምኩና ሻል ሲለኝ ሄድኩ። እማማ በላይነሽ ከሩቅ ስስል ሰምተውኛል። እጃቸውን ዘርግተው አቆሙኝ።

«አንቺ ያነበብሽ ነሽ» አሉኝ። «ከዚያው።»

ያንን አፌን ይዤ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እመቤት ገላዋን ልትታጠብ ጓሮ ናት። ልጅቱ ከውስጥ ናት፤ ድምፅ የለም። እንዴት ናት አልኳቸው። ተኝታለች አሉኝ። ከመቼ ጀምሮ? ቅድም ጠብታ ነው የተኛችው። እንግዲህ ደህና ነው ተባባልን። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ትንሽ ቆየሁና በደንብ ነው የጠባችው አልኳቸው። ጠብታለች አልኩሽ እኮ አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ መጋረጃውን አያለሁ። እማማ በላይነሽ በርጩማቸው ላይ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አሉ።

በኋላ ምንም ሳይሉኝ ተነሡ። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

ወዲያው ልጅቱ ሰፈሩን የሚያነቃ ጩኸት ጮኸች። ጉሮሮዋ ሲሰነጠቅ፣ እግሯ ጨርቁን ሲመታ ከደጅ ይሰማኛል። እኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ ዐይኔን ጨፈንኩ። እማማ በላይነሽ ሲወጡ ፊታቸው ረክቷል።

«ነቃች» አሉኝና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ምን አድርገው እንዳነቋት አልጠየቅኋቸውም። እኔም ከጉንፋኔ ድኜ ተራዬ ሲደርስ፣ ብቻዬን ስጠብቃት፣ ምን እንደማደርግ እንዲጠይቁኝ አልፈልግም።